ከጎሮ መገናኛ ስንት ነው? የርቀት፣ የፍጥነትና የጊዜ ጥያቄዎች አፈታት

አዲስ አበባ ውስጥ ጎሮ አደባባይ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው መገናኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ቢጠየቅ በኪሎ ሜትር አይመልስም። «በማለዳ ከወጡ ሃያ ደቂቃ፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ ግን አርባም ሃምሳም ይፈጃል» ነው የሚለው። የተጠየቀው ርቀት ነው፤ የተመለሰው ጊዜ። በሁለቱ መካከል ማንም ያልጠራው ሦስተኛ ነገር፣ የመኪናው ፍጥነት፣ አለ። ድሮ ካገር አገር በእግርና በአጋሰስ ይሄድ የነበረው መንገደኛም «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ሲል ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሰሚው የእግረኛን የቀን ጉዞ ስለሚያውቅ ርቀቱን በልቡ ይሠራዋል።

ተማሪዎች «ወርድ ፕሮብሌም» የሚሏቸውና ከሒሳብ ፈተና አብዝተው የሚሸሿቸው የርቀት፣ የፍጥነትና የጊዜ ጥያቄዎች የተሠሩት ከእነዚሁ ሦስት መጠኖች ነው። ግንኙነታቸውም አንድ ነው፦

ርቀት = ፍጥነት × ጊዜ

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሁለት ሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ማንም ሳይማር ያውቀዋል። ፍጥነት ሲፈለግ ርቀቱ ለጊዜው፣ ጊዜ ሲፈለግ ርቀቱ ለፍጥነቱ ይካፈላል፤ ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ቀመሮች በቃል ማጥናት አያስፈልግም። የጥያቄዎቹ ክብደት ያለው ከቀመሩ ውጭ ነው። በአንድ ጥያቄ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጉዞዎች ይተረካሉ፦ ሁለት መኪናዎች፣ መሄድና መመለስ፣ ወይም ከፊሉ በእግር ከፊሉ በታክሲ። ጥያቄው የሚፈታው ሁለቱ ጉዞዎች የሚጋሩት ነገር ሲገኝ ነው። የሚጋሩት ርቀት ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም የሚታወቀው የሁለቱ ድምር ወይም ልዩነት ብቻ ነው። የእኩልነት ዓረፍተ ነገሩ የሚጻፈው በዚያ ነገር ላይ ነው። ብዙ ተማሪ ይህን ሳይለይ ያገኛቸውን ቁጥሮች ማባዛትና ማካፈል ይጀምራል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ ታሪኩን ከመረዳት ይልቅ ቁጥር መልቀም ይቀናዋል።

ከዚያ በፊት ግን መለኪያዎቹ መስማማት አለባቸው። ከጎሮ መሃል ከተማ ሳይገባ በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚወጣ ሰው በ2006 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ያገኛል። መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ መኪና ይህን መንገድ በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቢጨርስ በምን ያህል ፍጥነት ተጉዟል? ካልኩሌተር የጨበጠ ተማሪ 85ን ለ1.20 አካፍሎ 70.8 ይላል። ሃያ ደቂቃ ግን የሰዓት ሲሶ እንጂ የሰዓት ሃያ መቶኛ አይደለም። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ማለት 4/3 ሰዓት ነው፤ 85 ለ4/3 ሲካፈል 63.75 ይሆናል። ደቂቃ በስድሳ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር በአሥር የሚቆጠር መሆኑ የተረሳበት ይህ ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ የተለመደ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ደቂቃውን ምንጊዜም ለ60 አካፍሎ ወደ ሰዓት መለወጥ፣ አለዚያም ሰዓቱን በሙሉ ወደ ደቂቃ አውርዶ እዚያው መሥራት ነው።

አጭር ርቀት ሲሆን ሜትርና ሴኮንድ ይሻላሉ። አንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር፣ አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ ስለሆነ፣ በሰዓት የተነገረው ኪሎ ሜትር ለ3.6 ሲካፈል በሴኮንድ የሚሄደውን ሜትር ይሰጣል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 20 ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት እየነዳ ስልኩን ለሦስት ሴኮንድ ያየ ሾፌር 60 ሜትር ሙሉ መንገዱን ሳያይ ሄዷል።

የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ያው መኪና ከቱሉ ዲምቱ ከንጋቱ 11፡50 ተነሥቶ አዳማ ጠዋት 1፡10 ገባ ቢባል፣ ከ1፡10 ላይ 11፡50 አይቀነስም። ቆጠራው 12 ሰዓት ላይ ዞሮ እንደገና ከአንድ ስለጀመረ፣ በመድረሻው ላይ 12 ይደመራል፤ 13፡10 ሲቀነስ 11፡50 አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራም ሰው እኩለ ቀንንና እኩለ ሌሊትን ሲያቋርጥ ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፤ ልዩነቱ የኢትዮጵያው መታጠፊያ ልክ ሰው ሁሉ ለመንገድ በሚነሣበት ማለዳ ላይ መዋሉ ነው። ቦሌ ኤርፖርት በሚታደል ትኬት ላይ 22፡30 የሚለው ከምሽቱ 4፡30 ነው። መነሻውና መድረሻው በአንድ አቆጣጠርና በአንድ አገር ሰዓት እስከተጻፉ ድረስ በየትኛውም ቢሰላ የጉዞው ርዝመት አይለወጥም። ችግር የሚመጣው አንዱን ከትኬቱ፣ ሌላውን ከእጅ ሰዓት የወሰደ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አማካይ ፍጥነት። ከጎሮ መገናኛ 8 ኪሎ ሜትር ነው ይባል። አንድ ታክሲ ጠዋት በጭንቅንቁ ሰዓት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሄደ፤ ሲመለስ መንገዱ ተከፍቶለት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር መጣ። የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? 12ና 24 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 18 ይመጣል፤ የሚጠየቀውም ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል 18 ይላል። ጉዞው በጊዜ ሲቆጠር ግን መሄጃው 40 ደቂቃ፣ መመለሻው 20 ደቂቃ ወስዷል። በጠቅላላው 16 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ተሄደ፤ አማካዩ በሰዓት 16 ነው። ታክሲው በዝግታ ላይ ያሳለፈው ጊዜ በፍጥነት ካሳለፈው እጥፍ ስለሆነ ዝግታው ይበልጥ ይጎትተዋል። 18 ትክክል የሚሆነው ታክሲው በሁለቱ ፍጥነቶች እኩል ጊዜ ቢጓዝ ነበር፤ እዚህ እኩል የሆነው ርቀቱ ነው። አማካይ ፍጥነት ምንጊዜም ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ተካፍሎ የሚገኝ እንጂ የፍጥነቶች አማካይ አይደለም።

ይኸው ጥያቄ ጠንከር ተደርጎ ሲቀርብ ብዙ ሰው ያደናግራል። ታክሲው መገናኛ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ከደረሰ፣ የደርሶ መልስ አማካዩ 24 እንዲሆን ሲመለስ ስንት መንዳት አለበት? 36 የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣል። 16 ኪሎ ሜትር በሰዓት 24 ሲኬድ የሚፈጀው 40 ደቂቃ ነው። ያ 40 ደቂቃ ግን መሄጃው ላይ አልቋል። ታክሲው ለመመለስ የቀረው አንድም ሴኮንድ ስለሌለ ምንም ያህል ቢበር የተባለው አማካይ ላይ አይደርስም። ጥያቄው የሚመስለው የማካፈል ነው፤ የተሰወረው ነገር የጊዜ በጀቱ ነው። ጠዋት መንገድ ላይ የጠፋ ጊዜ ከሰዓት በኋላ በመፍጠን አይመለስም ሲባል የቆየው ነገር በቁጥር ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡርም ያንኑ ያሳያል። መስመሩ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ ሳይቆም በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በ30 ደቂቃ ይደርሳል። በመንገዱ 20 ጊዜ ቆሞ በየቦታው ግማሽ ደቂቃ ቢያሳልፍ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ አማካይ ፍጥነቱ 25.5 ይሆናል። ስለዚህ የባቡሩ ሞተር የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ተሳፋሪውን ብዙም አይመለከተውም፤ የሚመለከተው የቆመባቸው ደቂቃዎች ጭምር የገቡበት ቁጥር ነው።

አልጀብራ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ከጎሮ ኮንዶሚኒየም መንደሮች አንዱ ውስጥ የሚኖር ሠራተኛ እስከ ዋናው መንገድ በእግሩ ወጥቶ ከዚያ ታክሲ ይይዛል። ከቤት እስከ ሥራ 9 ኪሎ ሜትር ነው። በእግር በሰዓት 5፣ በታክሲ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ታክሲ ሳይጠብቅ ያገኘ ቀን በ36 ደቂቃ ይደርሳል። በእግሩ የሚሄደው ምን ያህል ነው? የማይታወቀው የእግሩ ርቀት «ቀ» ይባል። ያን ጊዜ የታክሲው ርቀት ሌላ አዲስ ፊደል አያስፈልገውም፤ 9 − ቀ ነው። የእግሩ ጊዜ ቀ/5፣ የታክሲው ጊዜ (9 − ቀ)/20 ነው። የሁለቱ ጊዜ ድምር የታወቀ ስለሆነ፦

ቀ/5 + (9 − ቀ)/20 = 36/60

ሁሉም በ20 ሲባዛ 4ቀ + 9 − ቀ = 12 ይሆናል። 3ቀ = 3፤ ስለዚህ ቀ = 1። ሰውየው አንድ ኪሎ ሜትር በ12 ደቂቃ ይራመዳል፤ ስምንቱን ኪሎ ሜትር በ24 ደቂቃ በታክሲ ይሄዳል። 12ና 24 ሲደመሩ 36 መሆናቸውን ማየት የሥራው አካል ነው። እዚህ ላይ መምህራን የሚያዙት ሠንጠረዥ ይጠቅማል፦ ለእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ረድፍ፣ ለርቀት፣ ለፍጥነትና ለጊዜ አንዳንድ ዓምድ። ሁለቱ ዓምዶች ከጥያቄው ይሞላሉ፤ ሦስተኛው ከቀመሩ ይወጣል። እኩልነቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከዚያ ከሦስተኛው ዓምድ ይገኛል። ተማሪ ሠንጠረዡን ሞልቶ የሚቸገረው ያንን ዓምድ ትቶ ቀድሞ ከሞላቸው ላይ እኩልነት ሲፈልግ ነው።

ርቀቱ ሳይነገር ቀርቶ መዘግየትና መቅደም ብቻ የሚነገርባቸው ጥያቄዎች ከእነዚህ ይረቃሉ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ ከጎሮ ተነሥቶ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 10 ደቂቃ ይዘገያል፤ በ20 ቢጓዝ 5 ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ቢሮው ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? በሰዓቱ ለመድረስስ በስንት መሄድ አለበት? ሁለቱ ጉዞዎች የሚጋሩት ርቀቱን ነው፤ እርሱ «ር» ይባል። ጊዜያቸው የሚለያየው በ15 ደቂቃ ነው፤ የ10 ደቂቃው መዘግየትና የ5 ደቂቃው መቅደም በሰዓቱ ነጥብ ግራና ቀኝ ስለሚቆሙ ይደመራሉ እንጂ አይቀነሱም። ብዙ ወረቀት የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው።

ር/15 − ር/20 = 15/60

በ60 ሲባዛ 4ር − 3ር = 15፤ ር = 15 ኪሎ ሜትር። በዝግታ 60 ደቂቃ፣ በፍጥነት 45 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው፤ ትክክለኛው ሰዓት 50 ደቂቃ ነው። 15 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ የሚያደርሰው ፍጥነት በሰዓት 18 ነው። የ15ና የ20 አማካይ የሆነውን 17.5 የመረጠ ሾፌር ከአንድ ደቂቃ በላይ ይዘገያል።

ሁለት ተጓዦች ፊት ለፊት ሲመጡ የሚጋሩት ጊዜውን ነው። ከቱሉ ዲምቱ አንድ የቤት መኪና በሰዓት 90፣ ከአዳማ አንድ የጭነት መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ላይ ተነሡ። በየሰዓቱ በመካከላቸው ካለው ርቀት አንዱ 90፣ ሌላው 80 ስለሚያጠፋ፣ ክፍተቱ በሰዓት በ170 ኪሎ ሜትር ይጠባል። 85 ለ170 ግማሽ ሰዓት ነው። የቤት መኪናው 45፣ የጭነቱ 40 ኪሎ ሜትር ሄደው ከቢሾፍቱ ማዶ ከሞጆ በፊት ይተላለፋሉ። ይህ ዓይነቱ ጥያቄ እኩልነት ሳይጻፍም ይሠራል፤ ጊዜው «ጊ» ሲባል እኩልነቱ 90ጊ + 80ጊ = 85 ቢሆንም የሚለው ያንኑ ነው።

አንዱ ሌላውን ተከትሎ ሲሄድ ነገሩ ይለወጣል፤ ክፍተቱን የሚያጠበው የፍጥነቶቹ ልዩነት ነው። ይህ ጥያቄ ዕድሜው ረጅም ነው። በሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ያስተምር የነበረው የዮርኩ አልኩዊን ጻፈው በሚባለው፣ ለወጣቶች አእምሮ ማፍጠኛ በተዘጋጀው የጥያቄ ስብስብ ውስጥ ውሻ ጥንቸል ያሳድዳል፦ በመካከላቸው 150 ጫማ አለ፤ ውሻው በአንድ ዝላይ 9፣ ጥንቸሏ 7 ጫማ ይሄዳሉ። በየዝላዩ 2 ጫማ ስለሚጠባ ውሻው በ75ኛው ዝላይ ይደርስባታል። ይህ ከተጻፈ ከ1,200 ዓመት በኋላም የተለወጠው ሯጮቹ ብቻ ናቸው።

ሲኖ ትራክ ከቱሉ ዲምቱ ጠዋት 1፡00 ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ተነሣ ይባል። ከ20 ደቂቃ በኋላ አንድ የቤት መኪና በሰዓት 100 ተከተለው። መኪናው ሲነሣ ትራኩ 20 ኪሎ ሜትር ቀድሟል። ክፍተቱ በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ይጠባል፤ ስለዚህ መኪናው በግማሽ ሰዓት፣ ከመነሻው 50 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ጠዋት 1፡50 ይደርስበታል። በአልጀብራ ሲጻፍ የሚጋሩት ርቀቱን ነው፤ የመኪናው ጊዜ «ጊ» ከሆነ የትራኩ ጊ + 1/3 ነው፦

100ጊ = 60(ጊ + 1/3)

የመኪናው ፍጥነት ወደ 80 ዝቅ ቢል መያዣው ጊዜ አንድ ሰዓት፣ ቦታውም 80ኛው ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አዳማ 5 ኪሎ ሜትር ሲቀር ማለት ነው። ወደ 75 ቢወርድስ? ስሌቱ ያለ ምንም ማንገራገር አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃና 100 ኪሎ ሜትር ብሎ ይመልሳል። መንገዱ ግን 85 ኪሎ ሜትር ላይ አልቋል፤ ትራኩ አዳማ ገብቶ ዕቃ ማራገፍ ከጀመረ ቆይቷል። እኩልነቱ ውስጥ የመንገዱ ርዝመት አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ ስለ ርዝመቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ያንን ማስታወስ የፈቺው ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ከተገኘው መልስ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ «ለመያዝ ቢያንስ በስንት ፍጥነት መነዳት አለበት?» የሚለው ነው። ትራኩ 85 ኪሎ ሜትሩን በ85 ደቂቃ ይጨርሳል፤ መኪናው 20 ደቂቃ ዘግይቶ ስለተነሣ ያለው 65 ደቂቃ ብቻ ነው። 85 ኪሎ ሜትር በ65 ደቂቃ ማለት በሰዓት 78.5 ግድም ነው። ከዚያ በታች የሚነዳ አይደርስም፤ ከዚያ በላይ የሚነዳ ይደርሳል፤ የመንገዱ ከፍተኛ ወሰን 120 ስለሆነም የሚፈቀደው ክልል ሰፊ ነው።

ፍጥነት ራሱ ሲደመርና ሲቀነስ የሚታየው በሰማይ ነው። ጎሮ ሰማይ ላይ ዝቅ ብለው የሚታዩት አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚያ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበርና ነፋሱ በመንገዱ ሁሉ 100 ቢሆን፣ ሲሄድ ከመሬት አንጻር 800፣ ሲመለስ 1,000 ይጓዛል። መሄጃው 14 ሰዓት ከ22 ደቂቃ፣ መመለሻው 11 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለዓመታት ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ነዳጅ ለመሙላት በመንገድ እያረፈ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚበረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ ሙሉ ነዳጅ የጫነ አውሮፕላን ለመነሣት ይከብደዋል።

ነፋሱ ሲሄድ የወሰደውን ሲመለስ ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 23,000 ኪሎ ሜትር በ900፣ 25 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ይሆን ነበር። በነፋሱ 25 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ሆኗል። የጠፋው 19 ደቂቃ ከጎሮው ታክሲ ታሪክ የተለየ አይደለም፤ አውሮፕላኑም በዝግታው ላይ ብዙ ሰዓት፣ በፍጥነቱ ላይ ጥቂት ሰዓት ያሳልፋል።

የሩጫ ሜዳ ላይ ደግሞ መንገዱ ክብ ስለሆነ መያዝ ማለት መደረብ ነው። ቀነኒሳ በቀለ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድ ሮጦ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን 15 ዓመት ቆይቷል። 25 ዙር ነውና እያንዳንዱ በአማካይ 63.1 ሴኮንድ ፈጅቷል። በየዙሩ 63 ሴኮንድ የሚሮጥ መሪ በየዙሩ 67 የሚሮጠውን መቼ ይደርበዋል? ሁለቱ የሚጋሩት ጊዜውን ነው፤ ርቀታቸው ደግሞ በትክክል በአንድ ዙር መለያየት አለበት፦

ጊ/63 − ጊ/67 = 1

ጊ = 63 × 67 ÷ 4፣ ማለትም 1,055 ሴኮንድ፣ ወይም 17 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ነው። መሪው 16 ዙር ከሦስት ሩብ፣ የተደረበው 15 ዙር ከሦስት ሩብ ሮጠዋል። በየዙሩ የ4 ሴኮንድ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም 10,000 ሜትር ከማለቁ በፊት መደረብን ያመጣል፤ በ5,000 ሜትር ግን 12 ዙር ተኩል ብቻ ስለሆነ ጊዜው አይደርስም።

በሯጮች መካከል ያለን የሴኮንድ ልዩነት ወደ ሜትር መለወጥም የተለመደ ጥያቄ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ፣ በሰዓት 18.7 ኪሎ ሜትር ወይም በሴኮንድ 5.2 ሜትር ግድም ሮጧል። ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 25 ሴኮንድ ዘግይቶ ገባ፤ በዚህ ፍጥነት 130 ሜትር ያህል ነው። የሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ውድድር ግን እንዲህ በአማካይ ቢሠራ ያታልላል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትሩን በ27፡18.20 ሲጨርስ ፖል ቴርጋት በ27፡18.29 ተከትሎት ገባ። አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 6.1 ሜትር ነው፤ በ0.09 ሴኮንድ ሲባዛ 55 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። አማካዩ ግን የ25ቱ ዙር ነው፤ መስመሩ ላይ የሚፈለገው የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ፍጥነት ነው። በዚያ ሰዓት ሯጭ በሴኮንድ ከ7 እስከ 8 ሜትር ስለሚሄድ ልዩነቱ ከ63 እስከ 72 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛው በ9.87፣ ሁለተኛው በ9.99 ሴኮንድ ነው የገቡት፤ ልዩነቱ 0.12 ሴኮንድ፣ በሴኮንድ 11 ሜትር ሲታሰብ 1 ሜትር ከ32 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከ10,000 ሜትሩ ልዩነት ይሰፋል ማለት ነው።